የሙሐሲን አወዳደቅ

በዲላ ከተማ እንደ ሙሐሲን መውደቅ የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። የሰካራም መውደቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውዬው መጠጥ ባፉ ዞሮ አያውቅም። እሱ የሚወድቀው የቡጢኞችን አወዳደቅ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር በተነጠፈች አሮጌ የጥጥ ፍራሽ ላይ፣ የከባድ ሚዛን ቡጢኞቹ የተዘረሩትን ዝረራ አንድ በአንድ ወድቆ ያሳያል። ሙረር በፎርማን ቀኝ ተመትቶ እንዴት በጀርባው እንደተዘረጋ፣ በርቢክ ከታይሰን አንዲት ግራ ቀምሶ እንዴት እየተነሳ እንደወደቀ፣ ታይሰን ራሱ ቶኪዮ ላይ ዳግላስ ከጣለው በኋላ ከአፉ ያመለጠውን የጥርስ መከላከያ እንዴት እየዳኸ ወለል ለወለል እንደዳበሰ፣ ሁሉንም ያውቅበታል። ሰው ካሴቱን አይቶ ሲያበቃ «በል አሁን አንተ ውደቅልን» ይለዋል። ካሴቱን ትቶ የሱን መውደቅ ብቻ ሊያይ የሚመጣም ነበር።

መቺው ባልቻ ነው። ባልቻ የቡሌ ልጅ ነው፤ ቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ። መቶ ኪሎ ጆንያ ከመሬት አንስቶ አይሱዙ ላይ ሲያኖር ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። በር ሁሉ ያጎነብሰዋል። ሰው «ፎርማን» እያለ ይጠራዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ጆርጅ ፎርማን ሰባኪ ነዋ፤ በዚያ ላይ ሙረርን የዘረረ ጊዜ ጥግ ሄዶ ተንበርክኮ ጸልዮአል። ባልቻም እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ኋላ የሚቆም ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው መትቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ክንድ ይዞ ሰው ሳይመቱ መኖር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሲጨባበጥ እንኳ ጣቶቹን ላላ አድርጎ ነው።

ሁለቱ የተገናኙት ባልቻ ከቡሌ ለትምህርት ወርዶ የሙሐሲን እናት ግቢ የተከራየ ጊዜ ነው። እናቲቱ ሀዲጃ ብትን ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ሱቁንም ልጇንም ብቻዋን ያቆመች ሴት። ያንን ግዙፍ የገጠር ልጅ እንደ ተከራይ አላየችውም። ከልጇ ጋር አንድ ሳህን ላይ ታበላቸው ነበር፤ ሥጋ የሆነ ቀን ብቻ ሳህኑ ሁለት ይሆናል። ባልቻ ትምህርቱን ትቶ ጆንያ መሸከም ሲጀምር እንደ እናት ተቆጥታዋለች። እሱም «እማማ» ሲላት ከልቡ ነው።

የጨዋታቸው አሠራር እንዲህ ነው። ባልቻ ቀኙን ከወገቡ አንስቶ ይልካትና ከሙሐሲን ጉንጭ ልትደርስ ጣት ሲቀራት ቀጥ ያደርጋታል። ያን ጊዜ ሙሐሲን በመዳፉ የገዛ ጭኑን ጧ ያደርጋል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ስብስብ ያደርግና ይወድቃል። ያቺ አገጭ መሰብሰብ ናት ዋናዋ። ጭንቅላቱ መሬት እንዳይነካ የምትጠብቀው እሷ ናት። ተመልካቹ አያስተውላትም፤ ባልቻ ግን አይቷት ነው ሁልጊዜ ልቡ የሚያርፈው። ቤቱ «ድገመው» ይላል፤ ይደግሙታል። ካሴቱም እንደዚያው ነው። ሰውዬው ተዘርሮ ዳኛው ቆጥሮ ሲጨርስ «ድገመው» ይባላል፣ ሙሐሲን ያጠነጥነዋል፣ የወደቀው ሰው ከመሬት ተነስቶ ቡጢውን ሊበላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ያየም የጠየቀም የለም።

በዘጠና አራት ክረምት ነው ነገሩ የሆነው። ክረምት የጫኝ ጾም ነው፤ ቡና የለም፣ መጋዘኑ ዝግ ነው፣ ጎረምሳው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ቪዲዮ ቤት ይውላል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ወንድይፍራው ከአዲስ አበባ አዲስ ካሴት ይዞ መጣ። ወንድይፍራው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ነጭ ፒክአፕ የሚነዳ፣ በክርክር ከሚረታ ራት ሳይበላ ቢያድር የሚመርጥ ሰው ነው። ካሴቱ ሊዊስ ታይሰንን የዘረረበት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ታይሰን በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑ ሥር ደም እየወረደው፣ በጓንቱ ፊቱን ሲከልል አዩት። አራቴ አስደገሙት።

«በቃ» አለ ወንድይፍራው ተነስቶ። «ከዚህ የሚበልጥ ዝረራ የለም። ታይሰንን ነው እኮ ያጋደመው። የተመታውን ሰው እዩ እንጂ።»

«የተመታውን ከሆነ ዳግላስም ታይሰንን ነው የጣለው» አለ ሙሐሲን ከካሴት ማጫወቻው ዴክ አጠገብ። «እኔን ከጠየቃችሁ የበርቢክ ነው የሚከፋው። ሌላው አንዴ ተመትቶ አንዴ ይወድቃል። በርቢክ አንዴ ተመትቶ ስንቴ ወደቀ? እግሩ እኮ ነው የከዳው፤ ሰው የገዛ እግሩ ሲከዳው ማየት ከሞት አይተናነስም።»

ባልቻ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሞ ነበር፤ እሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከጀርባው ያለው ሰው አያይም። ቸኩሎ ተናግሮ አያውቅም። «የፎርማን እጅ ሩቅ አልሄደም» አለ። «ስንዝር ነው የሄደው። ሙረር ግን ኮርኒስ እያየ ቀረ። ሩቅ ሳይሄድ የሚጥል ነው ከባዱ።»

«ሙረር ለሽማግሌው አዝኖለት ነው የተኛው» አለ ወንድይፍራው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሙሐሲን እንደ ልማዱ ፍራሹ ላይ ወጣ። «ፎርማን፣ ና አሳያቸው። ሦስቱንም ልውደቅና ሕዝቡ ይፍረድ።» ባልቻ እየተጎነበሰ በሰው መሃል አልፎ መጣ። የታይሰንን ግራ አሳዩ፤ ሙሐሲን እንደ በርቢክ ሦስቴ እየተንገዳገደ ሲወድቅ ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የሊዊስን ቀኝ አሳዩ። ወንድይፍራው ብቻ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር።

«እናንተ እኮ ነፋስ ነው የምትመቱት» አለ። «አንዱ አየር ይመታል፣ አንዱ ጭኑን ያጨበጭባል። በነፋስ የወደቀ ሰው አይቼ ፎርማንን ከሊዊስ ላወዳድር? ተዉን እባካችሁ።»

ሰው በዚህም ሳቀ። ሙሐሲን ግን አልሳቀም። መውደቁን የነካበት ሰው እናቱን የሰደበበት ያህል ነው። ለባልቻ ተጠግቶ በጆሮው፣ «የፎርማንን ስናሳይ ትንሽ ንካኝ» አለው። «ጉንጬን ዳሰስ አርግ። ድምፅ ይስሙ።»

«ይቅር ሙሐ።»

«ትንሽ አልኩህ እኮ። ዕድሜ ልክህን ነፋስ ስትመታ ልትኖር ነው?»

እውነቱን ለመናገር ባልቻም ልቡ አልጠላውም። የወንድይፍራው አፍ አንድ ቀን ሲዘጋ ማየት ማን ይጠላል። ደግሞም ሙሐሲን አድርግ ያለውን እንቢ ብሎት አያውቅም። ብቻ ትንሽ ማለት የማን ትንሽ ነው? ጆንያ ሲያነሳ ለኖረ ክንድ ትንሹን ለክቶ የሰጠው የለም። ባልቻ ቀኙን እንደ ፎርማን አሳጥሮ ላካት፤ ጣት ሲቀራት የሚያቆማትን አላቆማትም። ሙሐሲንም ድምፁ እንዲያምር ብሎ ጉንጩን ወደ ቡጢው ሰጠ።

ጧ የሚለው ድምፅ አልመጣም። የመጣው ደረቅና አጭር ነበር፤ ባልቻ በጆሮው ሳይሆን በአንጓው ሰማው። ሙሐሲን ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ቀጥ እንዳለ ወደ ኋላው ሄደ። አገጩን አልሰበሰባትም። ጭንቅላቱ ፍራሹን አልፎ ሲሚንቶው ላይ አረፈ።

ቤቱ ተናጋ። እንዲህ ያለ አወዳደቅ ከሙሐሲንም ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሰው አግዳሚው ላይ ቆሞ አጨበጨበ፣ አፏጨ። ወንድይፍራው ራሱ ተረትቶ፣ ፍራሹ ጠርዝ ተንበርክኮ እንደ ዳኛ ጣቱን እያወጣ መቁጠር ጀመረ፤ ሕዝቡም አብሮት ቆጠረ።

«ቆዩ» አለ ባልቻ። «ይሄ የውነት ነው። ቆዩ፣ የውነት ነው።»

«ፎርማንም ተዋናይ ወጣው» አለ አንዱ፤ ሳቁ ባሰ። ባልቻ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል «ቆጠራ አታቋርጥ» ብለው በሸሚዙ ጎተቱት። ቢፈልግ ሁሉንም ጠርጎ መጣል ይችል ነበር። ግን አሁን በዚያ እጁ ማንን ይንካ? እጁን ወደ ጀርባው ደብቆ ቆመ።

ስምንት ላይ ሙሐሲን ዓይኑን ገለጠ። አሥር ሲባል ተቀምጦ ነበር። ሰዉን አየ፣ ጭብጨባውን ሰማ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። ተነስቶ የባልቻን ቀኝ እጅ ከደበቀበት ስቦ አወጣና ወደ ላይ አነሳለት፤ ዳኛ የአሸናፊን እጅ እንደሚያነሳው። «አሸናፊ፣ የቡሌው ፎርማን» አለ። መዳፉ የባልቻ አንጓ ላይ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር።

«ሆስፒታል እንሂድ» አለው ባልቻ በሹክሹክታ።

«ሂድ ወዲያ፣ ሰው እንዳይሰማህ። የወንድይፍራውን ፊት አየኸው? ዝም አሰኘነው እኮ።»

«አገጭህን አልሰበሰብክም።»

«ማን አይቶ» አለ ሙሐሲን። እንዲህ ሲል ዓይኑ ባልቻን አልፎ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ካሴቱ እንደገና ተከፈተ፣ ሰው ቦታ ቦታውን ያዘ፣ ክርክሩ ቀጠለ። ባልቻ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ዴኩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሙሐሲንን ብቻ ያይ ጀመር። ሙሐሲን ግንባሩን ያሻል። ውሃ ጠጣ። አንዴ ባልቻን «ወልደዮሐንስ» ብሎ ጠራው፤ ወልደዮሐንስ የድሮ የስድስተኛ ክፍል አስተማሪው ነበር። ባልቻ «ሙሐ፣ እንሂድ» ቢለው «እሺ፣ ይቺ ትለቅ» አለው። ካሴቱ አለቀና ሌላ ሊቀይር ብድግ ሲል ካሴቱ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ በዚያው በጉልበቱ ሆነ፣ ከዚያ እየዳኸ ወለሉን ይዳብስ ጀመር።

«ቶኪዮ!» አለ አንዱ ከመሃል። «ታይሰን ነው፣ ጥርሱን እየፈለገ ነው።»

አይ ሰው። ቤቱ እንደገና በሳቅ ተገለበጠ። ሙሐሲን ወለሉን ይዳብሳል። ካሴቷ ፊቱ ናት፤ እጁ ደርሶባት፣ ነክቷት፣ አልፏት ይሄዳል። ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ያልፋታል። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እንደ ታይሰን ነው፣ እንዲያውም ከታይሰን ይበልጣል። ባልቻ ካሴቷን አንስቶ በእጁ አስጨበጠው። ሙሐሲን አያት፣ ምን እንደሆነች አላወቃትም፤ ከዚያ እላይዋ ላይ አስመለሰ። ያን ጊዜ ነው ሳቁ የተቆረጠው።

ባልቻ እንደ ሕፃን በክንዱ አቅፎት ወጣ። ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ በጭቃው ውስጥ ሮጠ። ከኋላው ሰው ይከተላል። መንገድ ላይ ሙሐሲን ትንሽ ነቃ አለ።

«እማ ከጠየቀችህ ተንሸራተተ በላት» አለው።

«እሺ።»

«አወዳደቄ የማን ነበር? የሙረር ነው?»

«የሙረር ነው» አለ ባልቻ።

«የማንም አይደለም» አለ ሙሐሲን። «የራሴ ነው።» ዓይኑ ተከደነ። ባልቻ የቀረውን መንገድ ስሙን እየጠራ ሄደ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ ዓይኖቹን በባትሪ አየ። አንደኛው ብሌን ሰፍቷል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሳይፈስ አልቀረም፣ እዚህ አይሆንም፣ አሁኑኑ አዋሳ መድረስ አለበት አለ። አምቡላንሷ ወላድ ልታመጣ ገደብ ከተማ ሄዳለች። «ምን መታው?» ሲል ጠየቀ። ባልቻ አፉን ከፈተ። ወንድይፍራው ቀደመውና «ወደቀ» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ወድቋል። ባልቻ አፉን ዘጋ፣ ከዚያም ስለዘጋው ራሱን ጠላ።

ወንድይፍራው ያ ሁሉ አፉ ጠፍቶት፣ ፒክአፑን አምጥቶ በሩ ላይ አቆመ። ከቪዲዮ ቤት ያቺን የጥጥ ፍራሽ አምጥተው ከኋላ ዘረጉ። ሀዲጃ ሻሿን ሳታስተካክል፣ የሱቋን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ደረሰች። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። «ሙሐሲን እኮ ነው፣ አሁን ብድግ ይላል» የሚል ድምፅም ከመሃል ተሰማ። ጎረቤቷ ገበያነሽ አቅፋት ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር አለቻት። ሀዲጃ ቀሚሷን ሰብስባ ፒክአፑ ላይ ወጣችና የልጇን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አኖረች።

አብራቸው የምትሄደው ነርስ ኤልቤቴል የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። ግሉኮሱን ሰክታ ስታበቃ ዙሪያውን አየች፤ ፒክአፑ ላይ መስቀያ የሚሆን ነገር የለም። «አንተ ረጅም ነህ» ብላ ለባልቻ ሰጠችው። «ከራሱ በላይ ከፍ አድርገህ ያዝ። ዝቅ ካደረግከው ደሙ በቱቦው ይመለሳል። በግራህ መኪናውን ያዝ፣ እላዩ ላይ እንዳትወድቅበት።» ባልቻ ፍራሹ ጥግ ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ወንድይፍራው መኪናውን አስነሳ።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር፤ ሰማዩ ግን እንደ ጠቆረ ነው። በጎንና በጎኑ ቡናና እንሰት ያልፋል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆም ብለው ያያሉ፤ ምን ያያሉ፣ ግዙፍ ሰው መኪና ላይ ተንበርክኮ እጁን ሰቅሎ ሲሄድ ነው የሚያዩት። ባልቻ ጠዋት ሙሐሲን ይቺን እጅ እንዴት አድርጎ እንዳነሳለት ትዝ አለው።

ጩኮ ከተማ ሳይደርሱ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይገርማል፤ ኩንታል ያልከበደው ሰው የውሃ ላስቲክ ከበደው። ጆንያ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ያርፋል። ይሄ አይቀመጥም። ክርኑ ትንሽ ሲታጠፍ ሀዲጃ ቀና ሳትል «ከፍ አርገው» አለች። ከፍ አደረገው። መንገዱ አናወጣቸው፣ ላስቲኩ ዝቅ አለ። «ከፍ አርገው ባልቻ።»  ፊቱን አላየችውም። ጭንቀቷ ነው ብሎ አሰበ።

«እማማ» አላት አንዴ። ሊነግራት ነበር። 

«ከፍ» አለች።

ቃሉን ዋጠው። በጌዴኦኛ መጸለይ ጀመረ፤ ለእግዜር የሚነግረውን ሁሉ ነገረው። ከዚያ ፎርማን ትዝ አለው። ፎርማን ያኔ ጥግ ተንበርክኮ የጸለየው ምን ብሎ ነው? ባልቻ እስከ ዛሬ ምስጋና ይመስለው ነበር። ስለተኛው ሰው ጠይቆ ይሆን? ሙረርስ ተነሳ? በእግሩ ሄደ? ስንት ጊዜ አይቶት ይሄን አላየም። እዚያ ላይ ሲደርስ «ድገመው» ይባላል፣ ሙሐሲን ያጠነጥነዋል፣ ሰውዬው ከመሬት ይነሳል። የትኛው ቡጢ ይከፋል እያሉ ዕድሜያቸውን ሲከራከሩ የኖሩት ሰውዬው በማግስቱ ምን ሆነ ሳይሉ ነው። ስንዝር የሄደች እጅ ነች የምትከብደው ብሎ የፈረደው ራሱ ነው። እነሆ ሄደች።

አፖስቶ ከተማ ሲደርሱ ሙሐሲን አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ሌላው ዘገየ። ኤልቤቴል ደረቱ ላይ ጎነበሰች። ባልቻ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ይሄ ሁሉ ጨዋታ እንዲሆን። ሙሐሲን ነው እኮ፣ ከሱ የማይመጣ ነገር የለም። አሁን አንድ ዓይኑን ገልጦ «አሳመንኩህ አይደል?» ቢለው፣ ባልቻ አይቆጣም፣ አይመታም፣ ይቺን እጁን ዕድሜ ልኩን አይጨብጣትም። ትንፋሹ ተመለሰ፤ ደግሞ ዘገየ። ሙሐሲን ዓይኑን አልገለጠም።

«ፍጠን» አለ ባልቻ ለወንድይፍራው፤ በግራ መዳፉ የመኪናውን ጣራ እየመታ። ወንድይፍራው እየነዳ ያለቅስ ነበር። መኪናዋ ከዚያ በላይ አትሄድም።

አዋሳ ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ባለ ጎማ አልጋ አመጡ፤ ሙሐሲንን ከፍራሹ አንስተው አስተኙት። ባልቻ ግሉኮሱን እንደያዘ ከአልጋው ጎን እየሮጠ ገባ። ሐኪም መጣ። ዓይኑን አየው፣ አንገቱን ዳሰሰው፣ ደረቱን አዳመጠ። እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ለኤልቤቴል አንድ ቃል ተናገረና የሀዲጃን ትከሻ ነካ አድርጎ ቆመ።

ኤልቤቴል መርፌውን ከክንዱ ነቀለች። «አውርደው ወንድሜ» አለችው ባልቻን።

«አላለቀም እኮ» አለ ባልቻ። ላስቲኩ ውስጥ ገና ግማሽ ውሃ ነበር። «እይው፣ አላለቀም።»

«አርፏል» አለችው።

ሀዲጃ «ኢና ሊላሂ» አለች፤ የልጇን ዓይን በመዳፏ ከደነች፣ ጭቃ የነካውን ፊቱን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።  ባልቻ እዚያው ቆሟል፤ እጁ እንደ ተሰቀለ፣ ቱቦው ባዶውን ተንጠልጥሎ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ። ከዚህ በላይ ሊሸከመው አልቻለም።

«እማማ» አላት። «አልተንሸራተተም። እኔ ነኝ። በዚህች እጄ ነው የመታሁት።»

ሀዲጃ ዲላን ከለቀቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ፊቱን አይደለም፤ እጁን ነው ያየችው።

«ዲላ ሳንወጣ ገበያነሽ ነግራኛለች» አለች። «ታዲያ ማን ይያዝልኝ? የኔ ክንድ እስከ አዋሳ አይችልም።»

ባልቻ ቀና ብሎ የገዛ እጁን አየ።

«አሁን አውርደው» አለችና ወደ ልጇ ዞረች።

ባልቻ ሊያወርደው ሞከረ። ክንዱ ደርቆ አልታጠፍ አለው። በግራው ይዞ ወደ ታች ሳበው፤ እንቢ አለ። ኤልቤቴል ላስቲኩን ከጣቶቹ መሃል አላቃ ወሰደችለት፤ እሱ ግን ቡጢው እንደተጨበጠ፣ እጁ ወደ ላይ እንደተነሳ፣ ከአልጋው ጎን ቆሞ ቀረ።